ህመሙን ወጌሻ ያስታግስ፣ አጥንቱን ራጅ ይየው

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ሰው ይጥላል። የወደቀው ሰው ገና ሳይነሳ የከበበው ሁሉ ሁለት ወገን ይሆናል። አንዱ «ቶሎ ወጌሻ ጋ! ሳይቀዘቅዝ ይታሽ» ይላል። ሌላው «የምን ወጌሻ? እጁን ሊያስቆርጡት ነው እንዴ? ሐኪም ቤት ውሰዱት» ብሎ ይቆጣል። ክርክሩ አራዳም ሆነ ቧንቧ ውሃ፣ ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትገቡም ያው ነው።

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ደሴም ኮምቦልቻም ሠርቻለሁ። እኔ ጋ ከሚመጣው ታካሚ አብዛኛው አስቀድሞ ወጌሻ ቤት ደርሶ የመጣ ነው። አንዳንዱ ይህን ሲናገር አንገቱን ይደፋል፤ እንደምቆጣው ስለሚያስብ ነው። አልቆጣም። ወጌሻው ምን እንዳደረገለት፣ የት ላይ እንደተጫነው፣ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንደተሻለው እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ የእውነት ተሽሏቸው ነበር።

የክርክሩ ችግር «ይሠራል፣ አይሠራም» በሚል መታጠሩ ነው። አንዱ አያቱ በወጌሻ እጅ እንዴት እንደተነሱ ይነግራችኋል። ሌላው እጁ የተቆረጠ ልጅ ያውቃል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ጥያቄው ይቀየር። የወጌሻ እጅ ሰውነታችን ውስጥ ምን ያደርጋል? ይሄ ከተመለሰ ወጌሻው እስከምን መሄድ እንዳለበት፣ የት ላይ እጁን መሰብሰብ እንዳለበት ራሱ ይወጣል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ወጌሻ ህመም ያስታግሳል፤ የሚያስታግስበት መንገድም በሳይንስ የሚታወቅ ነው። የተሰበረ አጥንት ላይ ሲመጣ ግን ያው እጅ ሊጎዳ ይችላል። ድንበሩን ቁጭ ብሎ ከወጌሻዎች ጋር ማስመር የጤና ተቋማት ሥራ ነበር። አልተሠራም።

ከነርቭ እንጀምር።

እግራችሁን የአልጋ ጠርዝ ሲመታችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድነው? የተመታውን ቦታ ታሻላችሁ። ማንም አላስተማራችሁም። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1965 ለዚህ ነገር ማብራሪያ አቀረቡ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የንክኪን ስሜት የሚያመላልሱት ነርቮች ወፋፍራም ናቸው። መልእክታቸው በሰከንድ ከ30 ሜትር በላይ ይሮጣል። ያንን የሚያቃጥለውንና የሚጠዘጥዘውን ህመም የሚያመጡት ደግሞ ቀጫጭን ናቸው፤ በሰከንድ 1 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄዱት። ሁለቱም ህብለ ሰረሰር ላይ በአንድ መተላለፊያ ይገናኛሉ። በገበያ ቀን ባጃጁ የሰኞ ገበያን ጠባብ መንገድ ሲሞላው የተጫነች አህያ ባለችበት እንደምትቆም፣ የንክኪው መልእክት ሲበዛ የህመሙ መልእክት ወደ አንጎል ማለፍ ያቅተዋል። የንድፈ ሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስተካክሏል። ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቷል። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወገብ ላይ የምንለጥፈው ቴንስ የሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያም የመጣው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

ሁለተኛው ነገር የእጁ ፍጥነት ነው። በሥራዬ ምክንያት የማውቃቸው አንዲት ወጌሻ እናት አሉ። ደሴ ውስጥ ናቸው። ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ። ለጋ ቅቤውን በቀጥታ እግሩ ላይ አይቀቡም። መዳፋቸው ላይ ያደርጉትና እስኪቀልጥና እስኪሞቅ ያፋትጉታል። ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ካልታመመው ቦታ ይጀምራሉ። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አይቸኩልም። እየሠሩ ያወራሉ። «አብሽር ልጄ፣ ወለምታ ናት። እኔን፣ እኔን። የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ልጁ ትከሻው ላይ ወጥሮት የነበረው ሁሉ ሲላላ በዓይን ይታያል። ያመመው ቦታ ላይ እስኪደርሱ ድረስ የቆዳውን ሙቀት በእጃቸው ጀርባ እየለኩ ነው የሚሄዱት።

የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን የመሰለ ንክኪ ብቻ የሚያነቡ ነርቮች ቆዳችን ውስጥ እንዳሉ አሳይተዋል። ሲ-ታክታይል ይባላሉ። ጸጉር ባለበት ቆዳ ላይ ነው የሚበዙት። በ2009 የእነ ሆካን ኦላውሰን ቡድን ባሳተመው ጥናት እነዚህ ነርቮች ይበልጥ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ ነው። ከዚያ ከፈጠነም ከዘገየም ይቀዘቅዛሉ። ሰዎቹም «ደስ ይላል» ያሉት በዚያው ፍጥነት ሲነኩ ነው። የቆዳ ሙቀት ያለው እጅ ከቀዝቃዛም ከትኩስም በተሻለ ያነቃቸዋል። መልእክታቸው የሚደርሰው ስሜትን ወደሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ነው። ወጌሻዋ እናት ቅቤውን መዳፋቸው ላይ የሚያሞቁት፣ አውራ ጣታቸውን የማያስቸኩሉት ከእናታቸው ስላዩት ነው። ነርቩ ግን የሚፈልገው ያንኑ ነው።

ሁሉም ወጌሻ እንዲህ አይደለም። ደንበኛው እስኪጮህ የሚጫንም አለ። እሱስ? እሱም የራሱ ማብራሪያ አለው። በ1979 ሌ ባርስ የተባለ ፈረንሳዊና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ አንድ ነገር አዩ። አንድ ቦታ ላይ ኃይለኛ ህመም ሲመጣ በሌላ የሰውነት ክፍል ያለ ህመም ይደበዝዛል። ከአንጎል ግንድ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርድ የራሱ ማዘዣ አለ። በሰውም ላይ ይሠራል። ጠንካራ መታሸት፣ የዋግምት ቀንድ ሲመጥጥ፣ የሂጃማ (ቆዳን በምላጭ ጫር አድርጎ በኩባያ ደም መሳብ) ኩባያ ቆዳውን ስቦ ሲያነሳ ወዲያው የሚሰማው እፎይታ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ እፎይታው አጭር ነው። ደንበኛው ግን የዳነ ይመስለዋል።

አኩፓንቸር፣ የቻይናው የመርፌ ሕክምና፣ የኛ አገር ነገር አይደለም። ከእንዲህ ዓይነቱ ሕክምና ሁሉ ብዙ የተጠናው ግን እሱ ነው። ስለ ወጌሻ እጅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመርፌው በኩል ማለፉ ግድ ነው።

በ1975 ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ አበርዲን፣ ስኮትላንድ ውስጥ ከአሳማ አንጎል ሞርፊን የሚመስል ነገር አወጡ። ሰውነት የራሱን የህመም ማስታገሻ ይሠራል ማለት ነው። በ1977 ደግሞ ዴቪድ ሜየርና ባልደረቦቹ ሰዎች ጥርስ ላይ ህመም ፈጥረው፣ እጃቸው ላይ የአኩፓንቸር መርፌ ወጉ። ህመሙ ቀነሰ። ከዚያ ናሎክሶን ሰጧቸው። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያጠፋ መድኃኒት ነው። እፎይታው ጠፋ። መርፌው የሠራው የሰውነትን የራሱን ማስታገሻ አስለቅቆ ነው ማለት ነው።

በ2010 ማይከን ኔደርጋርድ የመራችው ቡድን በአይጦች ጉልበት ሥር መርፌ ወግቶ አሽከረከረው። መርፌው ዙሪያ አደኖሲን የሚባለው ኬሚካል ከ20 እጥፍ በላይ ጨመረ። አደኖሲን የሚያርፍበት ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ግን ምንም አልተሻላቸውም። (ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚዘጋው የአደኖሲንን ተቀባዮች ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። እዚህ የሚደረግ ጥናት ይህን ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።) በ2021 በወቅቱ ሃርቫርድ ይሠራ የነበረው ቺውፉ ማ እና ቡድኑ ሌላ ጨመሩ። የአይጥ እግር ላይ ጥልቅ ሽፋን ውስጥ ያለ የተለየ ነርቭ በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነካ ምልክቱ በአንጎል በኩል ዞሮ፣ ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ በሚወርደው በቫገስ ነርቭ ወርዶ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ጋ ይደርሳል። ዕጢው የሰውነትን መቆጣት (እብጠትና ህመም የሚያመጣውን) የሚያበርዱ ኬሚካሎች ይለቃል። ያው ኤሌክትሪክ ሆድ ላይ ሲደረግ ይሄ አልሆነም።

እዚህ ጋ የሚያቆም ሰው «በቃ፣ ተረጋግጧል» ሊል ይችላል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማከብረው ጥናት ቀጥሎ ያለው ነው።

ጀርመን ውስጥ 1,162 ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ውጤቱ በ2007 ታተመ። አንዱ ቡድን ቻይናውያን ባስተማሩት ቦታ ትክክለኛውን አኩፓንቸር ተወጋ። ሁለተኛው የአኩፓንቸር ነጥብ ባልሆነ ቦታ፣ ለይምሰል፣ ከላይ ከላይ ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን የሐኪም ቤት ሕክምና አገኘ፤ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ። ከ6 ወር በኋላ ከትክክለኛው ቡድን 47.6 በመቶ፣ ከይምሰሉ ቡድን 44.2 በመቶ፣ ከሐኪም ቤቱ ቡድን 27.4 በመቶ ተሽሏቸው ተገኘ።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። በትክክለኛውና በይምሰሉ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአኩፓንቸር መጻሕፍት የሚሉት የነጥብና የመስመር ካርታ ለወገብ ህመም ብዙም ለውጥ አላመጣም። ግን ሁለቱም ከሐኪም ቤቱ በሰፊው በለጡ። እኔ የዚያ የሦስተኛው ቡድን ሙያ ሰው ነኝ፤ ቁጥሩን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። መርፌ የተወጉት ሰዎች 10 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ በየጊዜው ለግማሽ ሰዓት ታክመዋል፤ ባለሙያ ሰውነታቸውን ነክቷል። እንደሚሻላቸውም ጠብቀዋል።

«እምነት ነው ያዳነው» ብሎ መናቅ እዚህ ላይ አያዋጣም። በ1978 ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ ጥርስ የተነቀሉ ሰዎችን አጠኑ። ምንም መድኃኒት የሌለበት ነገር ተሰጥቷቸው የተሻላቸው ሰዎች ናሎክሶን ሲወስዱ ህመማቸው ተመለሰ። ተስፋ ራሱ ያንኑ የሰውነት ማስታገሻ ያስለቅቃል። ስለዚህ ወጌሻዋ እናት «አብሽር» ሲሉ ዝም ብሎ ማጽናኛ አይደለም። በልጁ አንጎል ውስጥ ኬሚካል እየተንቀሳቀሰ ነው። ግን ደግሞ ይህ ኬሚካል የተሰበረ አጥንት አያቀናም፤ ቲቢ የበላውን አከርካሪም አይተካም። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጡንቻም ትንሽ ልበል። ኮምቦልቻ ላይ ይሄ ዋና ጉዳይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ አንገቷን ደፍታ የምትውል ልጅ፣ ደረቅ ወደብ ላይ ሲያወርድና ሲጭን የሚውል ወጣት፣ ማታ ጀርባው ድንጋይ ይሆናል። በ2012 የካናዳ ተመራማሪዎች 11 ወጣት ወንዶች እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት እንዲያሽከረክሩ አደረጉ። ከዚያ የአንድ እግራቸው ጭን ለ10 ደቂቃ ታሸ፣ ሌላው ተተወ። ከሁለቱም ጭኖች ቁራጭ ጡንቻ ወስደው መረመሩ። በታሸው ጡንቻ ውስጥ የመቆጣት ምልክቶች ቀንሰዋል። የሴልን የኃይል ምንጭ የሚያበዛው መልእክት ጨምሯል። ሲደክም ጡንቻ ውስጥ ይጠራቀማል የሚባለው ላክቲክ አሲድ ግን ምንም አልተለወጠም። «ማሸት አሲዱን ያወጣዋል» ሲባል የምንሰማው ትክክል አይደለም ማለት ነው። ማሸት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የጥናቱ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ መንገዱን ግን ያሳያል።

«ቆሻሻ ደም ይወጣል» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ሂጃማ በብዙ ጎረቤቶቼ ዘንድ ሱና ነው። በሃይማኖት ጉዳይ አልገባም፣ አከብረዋለሁ። በኩባያው ውስጥ የሚታየው ጠቆር ያለ ደም ግን ከቆዳ ሥር ካሉ ጥቃቅን ሥሮች የወጣ፣ ኦክስጅኑ የቀነሰና የረጋ የራሳችሁ ደም ነው። የኔ ጭንቀት ምላጩ ላይ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ላይ እስከ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ክትባቱ የአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ጎልማሳ አልተከተበም። ሂጃማ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ምላጩም ኩባያውም ለአንድ ሰው አንድ ይሁን። በእሳት ማሞቅ፣ በአልኮል መጥረግ አይበቃም። የምትሄዱ ሰዎችም ምላጩ ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይናችሁ ካላያችሁ ተነሡና ውጡ።

ወደ ድንበሩ ልግባ።

«ሳይቀዘቅዝ ይታሽ» የሚለው ምክር መጀመሪያ መቅረት ያለበት ነው። ወለምታ ላይ ጅማቱ ተሸርክቶ ከሥር ደም እየፈሰሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በኃይል የታሸ ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ይደማል፣ ይበልጥ ያብጣል። ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ፣ በልኩ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። ማሸቱ እብጠቱ ሲበርድ ይደርሳል።

ክርን ከሁሉ የከፋው ነው። ከዛፍ የወደቀ ልጅ ክርኑ ያብጣል። ወላጆቹ ቀጥ እንዲል ብለው በየቀኑ ያሳሹታል። የተጎዳው ጡንቻ በዚህ ጊዜ ሲታሽና በግድ ሲዘረጋ ሰውነት ተሳስቶ በጡንቻው ውስጥ አጥንት መሥራት ይጀምራል። ከወራት በኋላ እኔ ጋ ሲመጣ ክርኑ ታጥፎ ቀርቷል። እጁ አፉ ጋ አይደርስም። የኔ ሥራ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፤ አንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ለዚህ ልጅ ወላጅ ምን ማለት እንዳለብኝ እስከዛሬ አላውቅም። ልጃቸውን ለመርዳት ገንዘብ ከፍለው፣ ቅቤ ገዝተው ነው ያሳሹት።

ጠብቆ የታሰረ ቀርቀሃም እጅ ያሳጣል። ስብራት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። እስሩ ግን አብሮ አይላላም። ውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል። ህመሙ በመቀነስ ፈንታ ከበረታ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው ልጁ ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ነገ አይጠበቅም። በዚያው ደቂቃ እስሩን ፈትቶ ሆስፒታል መሮጥ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። በዚህ ምክንያት እጅና እግር የተቆረጠባቸው ሕፃናት በአገራችን የሕክምና ጽሑፎች ተደጋግመው ተመዝግበዋል። የሚያንገበግበው፣ እስሩን ማላላት አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ መጥቶ አንድ እግሩ ብቻ ባቱ ካበጠ፣ ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ከታሸ ተነቅሎ ሳንባ ጋ ይደርሳል፤ ይገድላል። ወገቡን ከወር በላይ ያመመው፣ ማታ የሚያልበው፣ ኪሎ የቀነሰ ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ያ አከርካሪ ላይ መጫን እግር ሊያሽመደምድ ይችላል። የነፍሰ ጡር ሆድም በኃይል አይታሽም። ጽንሱን ለማስተካከል ተብሎ ሲጫን የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ሊላቀቅ ይችላል። እናትም ልጅም የሚሞቱበት ነገር ነው።

እዚህ ድረስ ያልኩት ወጌሻው ላይ ብቻ የወደቀ ከመሰለ ፍትሐዊ አይሆንም። ሰው ለምን ወጌሻ ጋ ይሄዳል? ወገቧን ያመማት የፋብሪካ ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቃ፣ ግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆርጦባት፣ ወረፋ ጠብቃ ትገባለች። ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ተጽፎላት ትወጣለች። ከነዚህ ሴቶች አንዷ «ጀርባዬን እንኳ አልነኩኝም» ብላኛለች። ሐኪሙ ክፉ ሆኖ አይደለም። በር ላይ ሌላ ስልሳ ሰው ቆሟል። ግን የጀርመኑን ቁጥር አስታውሱ። ያች ሴት ያጣችው ነገር፣ ጊዜና የሚዳስስ እጅ፣ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ማታ ወጌሻ ጋ ስትሄድ የምታገኘው እሱን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወጌሻን መከልከል አያስኬድም። በድብቅ ይሠራል፣ የተጎዳውም ዘግይቶ ይመጣል። ዝም ማለትም ልክ አይደለም። እኔ የምለው የሚያውቁት እጅ ላይ እውቀት እንጨምርላቸው ነው። ለምሳሌ ቁርጭምጭሚት ላይ በመላው ዓለም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የኦታዋ መመሪያ የሚባል ነገር አለ። ኢያን ስቲል የተባለ ካናዳዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት ነው። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያመመውን ሰው በሁለቱም በኩል ያለውን ጉብታ ከኋላ በኩል፣ ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ በጣት ትጫናላችሁ። አጥንቱ ላይ ካመመው ወደ ራጅ ይላካል። እግሩ መሀል ላይ ካመመው ደግሞ በትንሿ ጣት በኩል፣ በእግሩ ጎን መካከል ጉብ ብሎ የሚዳሰሰውን አጥንትና ከውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለውን አጥንት ትጫናላችሁ፤ እዚያም ካመመው ወደ ራጅ ነው። ሲወድቅም አሁንም 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለም ወደ ራጅ ይላካል። ይህ ሁሉ ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ወጌሻው ጋ ይቆይ። ዕድሜውን ሙሉ በጣቱ አጥንትና ጅማት ሲለይ የኖረ ሰው ይህን ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃዋል። አንዳንዱ ከኛ ይልቅ ይችልበታል።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲም ጥያቄ አለኝ። ስብራትም ቲቢም የሌለባቸውን፣ ወገባቸውን የሚያማቸውን የኮምቦልቻ ሠራተኞች በዕጣ ለሁለት መክፈል ይቻላል። ለአንዱ የተለመደው ክኒን፣ ለሌላው ክኒኑና የሠለጠነ ወጌሻ እጅ። ከ3 ወር በኋላ ማን ሥራ ላይ እንዳለ፣ ማን በህመም እንደቀረ ይቆጠር። ውድ አይደለም። የቻይናን መርፌ ጀርመኖች እንዲህ አጥንተውታል። የኛን ወጌሻ እኛ ካላጠናነው ማን ያጠናዋል?

ሌላው ገንዘብ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ሆስፒታል ራጅ ለመነሳት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ መላኪያ ወረቀት ማምጣት አለበት። ወጌሻው «ይሄ ስብራት ይመስለኛል፣ ሂድ» ቢል እንኳ ቃሉ የትም አይቆጠርም። ሰውየው እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ነገ ና ይጠብቀዋል። ብዙው ተመልሶ ወጌሻው ጋ ይሄዳል። ስለዚህ ሥልጠናውን ለወሰዱ ወጌሻዎች ቀኑ፣ የተጎዳው ቦታና የታየው ምልክት የሚሞላበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጣቸው። ያችን ይዞ የመጣ ሰው ጤና ጣቢያው በዕለቱ፣ ያለ ወረፋ፣ ወደ ራጅ እንዲልከው የከተማው ጤና መምሪያ አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። ከመጪው ክረምት በፊት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሊጀመር ይችላል።